ኮባልቱ ተሽጦ መርዙ ለደቻቱ እንዳይቀር

ግልጽ ደብዳቤ፦ ድሬዳዋ ላይ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ኢንቨስትመንት ፈቃድና ስለ ነፃ ንግድ ቀጠናው ለምትወስኑ ሁሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ስሜ ለጉዳዩ አይጠቅምም። ታይዋን ገበያ አካባቢ ሞባይልና ላፕቶፕ እጠግናለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከእጄ የማይጠፋው ባትሪ ነው። የምጽፍላችሁም ስለ አሮጌ ባትሪ ነው። ስለ ስልኩ፣ ስለ ላፕቶፑ፣ ስለ ፓወርባንኩ፣ ስለ ሶላር መብራቱ፣ አሁን አሁን ደግሞ ስለ ኤሌክትሪክ ባጃጁና መኪናው።

በየበርጫው አንድ ወሬ አለ። "አሮጌ ባትሪ ወርቅ ነው፣ ሊቲየም ይወጣዋል፣ ፋብሪካ ሊከፈት ነው" ይባላል። የፋብሪካውን እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ ባትሪው ግን ወሬው ግማሽ እውነት ነው። አንዳንዱ ባትሪ በእርግጥ ገንዘብ አለው፤ ሌላው የተሰበሰበበትን ወጪ እንኳ አይመልስም። ይህን ልዩነት ሳናጤን በሩን ከከፈትን፣ ገንዘብ ያለበት ተለቅሞ ይሄድና ገንዘብ የሌለበት እኛው ጋ ይቀራል። ሥጋውን በልቶ አጥንቱን ጎረቤት ደጃፍ ላይ መጣል ማለት ነው። እኔ የምለምናችሁ ሁለቱን አንድ ላይ እንድትይዙ ነው፤ ለብቻ ለብቻ ፈቃድ እንዳትሰጡ።

መጀመሪያ ውስጡን እንየው። የስልክ ባትሪ ሲከፈት (እቤት እንዳትሞክሩት፣ አቦ፣ ይነዳል) ሁለት ቀጫጭን ፎይሎች አብረው ተጠቅልለው ይገኛሉ። አንዱ መዳብ ነው፣ ግራፋይት ተቀብቷል። ሌላው አሉሚኒየም ነው፣ እሱ ላይ ያለው ደግሞ ጥቁር ዱቄት ነው። ገንዘቡ እዚያ ዱቄት ላይ ነው። በአብዛኛው ስልክ ውስጥ ዱቄቱ ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ነው፤ ከክብደቱ 60 በመቶው ኮባልት የሚባለው ውድ ብረት፣ 7 በመቶው ሊቲየም። ኮባልት ከሚቆፈርበት መሬት የሚወጣ አለት ከጥቂት በመቶ አያልፍም፤ አሮጌ ስልክ ከማዕድን ማውጫ ይበልጣል የሚባለው ለዚህ ነው። ከዓለም ኮባልት አብዛኛው የሚመጣው ከአንድ አገር፣ ከኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ምንጭ የሚፈልግ ገዢ ሁልጊዜ አለ። በነገራችን ላይ ይህን ዱቄት ለባትሪ ያበቃው ሳይንቲስት ጆን ጉድኢናፍ ግኝቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን ኖቤል የተሸለመው በ2019፣ በ97 ዓመቱ ነው። ትዕግሥት ማለት እንዲህ ነው።

ላፕቶፕና ፓወርባንክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ክብ ክብ፣ ከጣት ወፈር ያሉ ባትሪዎች ናቸው ያሉት። እነሱ ላይ ኒኬልና ማንጋኒዝም ይገባል። እነዚህም ገዢ አላቸው። የድሮ የሚሞላ የእጅ ባትሪ ውስጥ ያለው ኒኬል ካድሚየም ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ ካድሚየም ኩላሊት የሚበላ መርዝ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር መቀላቀል የለበትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ልምጣ፤ ሰው የማያወራለት እሱ ነው። ከቻይና የሚገቡት ኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ፣ የቢዋይዲን ጨምሮ፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባል ባትሪ ነው የተገጠመላቸው። ጥሩ ባትሪ ነው። ቶሎ አይነድም፣ ብዙ ሺህ ጊዜ ይሞላል፣ ለእንደኛ ዓይነት ሙቀትም ይሻላል። ግን ኮባልት የለውም። ኒኬልም የለውም። ዱቄቱ 100 ግራም ቢሆን ሊቲየሙ 4.4 ግራም ገደማ ነው፤ የቀረው ብረት፣ ፎስፈረስና ኦክስጅን ነው። ብረት ደግሞ ማን በአሲድ ያወጣል? መዳቡና አሉሚኒየሙ ይሸጣል፣ ሊቲየሙም ዋጋው ሲወደድ ያዋጣ ይሆናል፤ ሲወርድ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

እዚህ ላይ ቀኑን አስቡት። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ መንገዳችን ላይ የምናየውን እናንተም ታያላችሁ። የአንዱ መኪና ባትሪ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል። ዛሬ አዲስ ነው፣ ማንም አይጨነቅም። የተወሰኑ ዓመታት ይቆጠሩና ግን አንድ ላይ ነው የሚያረጁት፣ እና ያኔ ከተማው ውስጥ የሚከማቸው ክብደት ያ ኮባልት የሌለው፣ ገዢ የሌለው ባትሪ ነው። የስልኩ ኮባልት ያኔ ቀድሞ ተለቅሞ አልቋል። ወጪ የሚሸፍን ትርፍ አይኖርም ማለት ነው።

"ታዲያ ቢቀር ምን ያደርጋል፣ ብረት ነው ካላችሁ አይደል?" የሚል ይኖራል። በሁሉም ዓይነት ሊቲየም ባትሪ ውስጥ ማለት ይቻላል የሚቃጠል ፈሳሽ አለ፤ ፈሳሹ ውስጥ ደግሞ ፍሎሪን ያለበት የሊቲየም ጨው። ባትሪው ሲነድ፣ ወይም ያ ጨው እርጥበት ሲያገኝ፣ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። መዳብ ለማውጣት ሽቦ የሚያቃጥሉ ልጆችን ሁላችንም አይተናል፤ ነገ የሚያቃጥሉት ይህን ነው። ያበጠ ባትሪ ከቆሻሻ ጋር ተጭኖ ሲጨመቅ ወይም ሲበሳ ደግሞ ራሱ እሳት ይፈጥራል፣ ክብሪት አይፈልግም።

ያልነደደው የት ይሄዳል? ደቻቱ ወንዝ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ የቆሻሻ ቦታ የመሰለው ሰው ብዙ ነው። የ1998ቱን የሐምሌ ጎርፍ ያየ ሰው ደግሞ ደቻቱ ስትመጣ ምን ጠርጋ እንደምትሄድ ያውቃል። አሸዋው ውኃ ያሳልፋል፣ ከተማችን የምትጠጣው ከጉድጓድ ነው፣ የሳቢያን ጉድጓዶች ከሌሉ ምን እንደምንጠጣ እኔ አላውቅም። እዚህ ላይ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም መሰለኝ።

አንድ ጊዜ ያበጡ ባትሪዎች ሰብስቤ የት ላድርሳቸው ብዬ ወደ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ማንንም ለማሳጣት አይደለም። የተሰጠኝ መልስ "ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አድርገው" የሚል ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። የሚልከኝ ቦታ ስላልነበረው ነው።

ገንዘብ ያለውን ብቻ ማውጣት ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለብንም፤ በቤንዚንና በናፍጣ መኪና ባትሪ ተሞክሯል። የተለመደው የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፣ ሊድ የምንለው። ቀልጦ ይሸጣል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ሰብሳቢ አለው። ሴኔጋል ውስጥ፣ ዳካር አጠገብ ቲያሮይ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር ሰዎች ከባትሪ የተረፈውን እርሳስ ከአፈር እያነፉ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ድረስ 18 ሕፃናት ሞቱ። ሞምባሳ ኬንያ ኦዊኖ ኡሁሩ ሰፈር ደግሞ ፈቃድ ያለው ማቅለጫ ከመኖሪያ ቤቶች ጥግ ተተክሎ ሕዝቡ ደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘበት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርድ ቤት 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ ፈረደ፣ ክርክሩ ግን ከዚያም በኋላ ዓመታት ቀጠለ። ፈቃድ ያለው እንደነበር ልብ በሉልኝ። ፈቃድ ብቻውን ማንንም አያድንም።

ወደ ፋብሪካው ወሬ ልመለስ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ከብዙ ጓደኞቼ እለያለሁ። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ባትሪው መጀመሪያ የቀረው ኃይል ይራገፋል። ከዚያ አየር በማይገባበት፣ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን በተሞላ ማሽን ውስጥ ይፈጫል፤ አየር ካገኘ ይነዳል። የተፈጨው ሲነፋ ፕላስቲኩ፣ መዳቡና አሉሚኒየሙ ለየብቻ ይወጣሉ፣ ከሥር ጥቁር ዱቄት ይወርዳል። ነጋዴዎቹ ብላክ ማስ ይሉታል፤ በዓለም ገበያ የሚሸጠው እሱ ነው።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ምድጃ ነው፣ ከ1,400 ዲግሪ በላይ። ኮባልት፣ ኒኬልና መዳብ ቀልጠው ከታች ይሰበሰባሉ፣ ሊቲየሙ ግን ከአሉሚኒየሙ ጋር ወደ ዝቃጩ ይሄዳል። ስለ ሊቲየም ይህን ያህል ተወርቶ እዚያ ምድጃ ውስጥ መጀመሪያ የሚያመልጠው ሊቲየሙ ነው። ሁለተኛው መንገድ አሲድ ነው። ዱቄቱ በሰልፈሪክ አሲድና በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይሟሟል፣ አሲድነቱ ቀስ በቀስ ሲቀንስ ብረትና አሉሚኒየም ይዘቅጣሉ፣ ኮባልትና ኒኬል በሌላ ፈሳሽ ተስበው ይለያያሉ፣ መጨረሻ ላይ ሶዳ አሽ የሚባል ኬሚካል ይጨመርና ውኃው ይሞቃል፤ ሊቲየም ካርቦኔት ከብዙ ጨው በተቃራኒ ውኃ ሲሞቅ መሟሟቱ ስለሚቀንስ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። እኔ በበኩሌ ይህቺን ደረጃ እወዳታለሁ፣ ብልጠት አለባት። ግን ሥራው ሁሉ ውኃ ነው። ማጠቢያው ውኃ፣ ማሟሟያው ውኃ፣ መጨረሻ የሚተርፈውም ሶዲየም ሰልፌት የሚባል ጨው የሞላበት ውኃ ነው፣ እና እሱን ሳያጣሩ የትም መድፋት አይቻልም።

ስለዚህ በግልጽ ልበለው። የአሲድ ፋብሪካ ድሬ ላይ አትፍቀዱ። ጀሪካን ይዘን ውኃ የምንጠብቅ ሰዎች ነን፣ ያለንንም የምንቀዳው ከእግራችን ሥር ነው። ሥራ አጥ ወጣት አለ፣ አውቃለሁ፤ ወንድሞቼም ከነሱ ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ከዚህ ሥራ ለድሬ የሚስማማው ሌላው ክፍል ነው።

ድሬ የተቆረቆረችው በባቡር ምክንያት ነው። ዛሬም የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር በእኛ በኩል ያልፋል፣ ነፃ ንግድ ቀጠናውም ከነሐሴ 2014 ዓ.ም ጀምሮ አለ። የእኛ ድርሻ መሰብሰብ፣ መለየት፣ መፈተሽ፣ ኃይሉን ማራገፍ፣ በደንብ አሽጎ መላክ ይሁን። ብዙ ሰው የሚፈልገው ሥራም ይህ ነው፤ አሲዱ ጋ ጥቂት ኬሚስት ቆሞ ነው የሚያሠራው። የኔ ቢጤ ጠጋኝ አንድ ባትሪ ስንት አቅም እንደቀረው መለካት ያውቃል። ኃይል ለማራገፍም እንዳንዶቹ ጨው ውኃ ውስጥ መንከር አያስፈልግም፤ ጫፉ ይበላል፣ ባትሪው ያፈሳል፣ ውኃውም ይበከላል። የመኪና አምፖል ማሰር ይበቃል፣ ቁጭ ብሎ እስኪጠፋ መጠበቅ ብቻ ነው።

መፈተሹ ደግሞ ዋናው ገንዘብ ነው፣ ይህን ደጋግሜ ብለው ደስ ይለኛል። ኮባልት የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከአቅሙ 70 ወይም 80 በመቶ ሲቀረው ለመኪና አይሆንም፣ ኪሎ ሜትሩ ያጥራል። ለሱቅ ግን ገና ጎረምሳ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ጁስ የሚበላሽበት ጁስ ቤት፣ ደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላት ቆርጦ የሚያስቀምጥ ፀጉር ቤት፣ ሶላር ያለው ገጠር ሱቅ፣ ሁሉም ይፈልገዋል። መቆጣጠሪያ ሰርኪዩቱ በትክክል ከተገጠመለት ዓመታት ይሠራል። ዱቄት ሆኖ የማይሸጠው ባትሪ እንደ ባትሪ ይሸጣል ማለት ነው። በመጨረሻ ሲሞት ግን እንደገና ወደ መሰብሰቢያው መመለስ አለበት፣ ያለዚያ ቆሻሻውን አዘገየነው እንጂ አላስወገድነውም።

የዚህ ሁሉ ወጪ ከየት ይምጣ? ሁለት ቦታ ነው የማየው። አንደኛ፣ ኮባልት ለመውሰድ ፈቃድ የሚጠይቅ ድርጅት ኮባልት የሌለውንም በተመጣጣኝ ኪሎ እንዲረከብ ይገደድ። "የስልኩን ብቻ ነው የምሠራው" ካለ በሰላም ይሂድ። ሁለተኛ፣ አስመጪው አዲስ ባትሪ ሲያስገባ ለመጨረሻው ማስወገጃ የሚሆን ያስይዝ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ ባትሪ ገበያ ላይ የሚያውል ለመሰብሰቢያውም እንዲከፍል አስገድዷል። እዚያው ደንብ ላይ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከአሮጌ ባትሪ 90 በመቶ ኮባልት፣ ኒኬልና መዳብ እንዲወጣ፣ ከሊቲየሙ ግን 50 በመቶ እንዲወጣ ነው የታዘዘው። በ2031 መጨረሻ 95 እና 80 ይሆናል። ሀብታሞቹም ሊቲየሙ እንደሚያስቸግር ያውቃሉ፣ ስለዚህ "ሁሉንም ሊቲየም አወጣለሁ" ብሎ ለሚመጣ ሰው ቡና ጋብዙትና ጥያቄ አብዙበት።

የአስመጪው ነገር በእናንተ ሥልጣን ብቻ የሚያልቅ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ አዲስ አበባ መሄድ አለበት። የመጀመሪያው ግን እጃችሁ ላይ ነው።

ቁራሌዎቹን በተመለከተ፦ እባካችሁ አታባርሯቸው። ከገንደ ቆሬ እስከ ከዚራ የማይገቡበት ግቢ የለም፣ ከእነሱ የተሻለ ሰብሳቢ ማንም ሊያቋቁም አይችልም። አንዱ የማውቀው "ወንድሜ፣ የሚገዛኝ ካለ አመጣለሁ፣ የሚገዛኝ ከሌለ እጥላለሁ፣ ምን ላድርግህ" ነው ያለኝ። ትክክል ነው። ለሁሉም ዓይነት ባትሪ በኪሎ የታወቀ ዋጋ ይቆረጥ፣ ኮባልት ላለውም ለሌለውም፣ ልዩነቱ ትንሽ ይሁን። ጓንት ይሰጣቸው፣ ያበጠ ባትሪ የሚያስቀምጡበት ክዳን ያለው የብረት በርሜልና ደረቅ አሸዋም ይኑራቸው። አሸዋ ደግሞ ድሬ ላይ አልጎደለም።

መጋዘኑ የት ይሁን የሚለውም ቀላል አይደለም። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተከማቸ ባትሪ አደጋ ነው። ጥላና አየር ያለበት፣ ከመኖሪያ የራቀ፣ ከወንዙ ዳር የራቀ ግቢ ይፈለግ። አንድ ቦታ ከማከማቸት በትንሽ በትንሹ ለያይቶ ማስቀመጥ ይሻላል። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹም ይሠልጥኑ፤ የሊቲየም ባትሪ እሳት ኦክስጅኑን በከፊል ከራሱ ውስጥ ስለሚያገኝ ተሸፍኖ ብቻ አይጠፋም፣ በብዙ ውኃ ማቀዝቀዝ ነው ያለበት፣ ጠፋ ከተባለ በኋላም ተመልሶ ይነሳል።

አንድ ሌላ ነገር፣ እና ይህን በደንብ ያዙልኝ። ነፃ ንግድ ቀጠና አለ ሲባል የሌላ አገር አሮጌ ባትሪ "ለማቀነባበር" እየተባለ እንዳይገባ። አገራችን የባማኮ ስምምነት አባል ናት፤ ስምምነቱ አደገኛ ቆሻሻ ከውጭ ወደ አፍሪካ ማስገባት ይከለክላል። የራሳችንን ወደ ውጭ ስንልክ ደግሞ በባዝል ስምምነት መሠረት ተቀባዩ አገር አስቀድሞ መፍቀድ አለበት፣ ስለዚህ ወረቀቱን ከአሁኑ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የአደገኛ ቆሻሻ አዋጃችንም አለ፣ ቁጥር 1090/2010። ሕግ አልጎደለንም።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን እንደማይሆን አውቃለሁ። ለዛሬ የምጠይቀው ግን ትንሽ ነው። ያበጠ ባትሪ ነገ ጠዋት የት ላድርስ? ቀበሌውን፣ ግቢውን፣ የሚከፈትበትን ሰዓትና የሚረከበውን ሰው የሥራ ድርሻ ጻፉልን። እኛ ጠጋኞቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አሳትመን በየሱቃችን በር ላይ እንለጥፈዋለን፣ የማተሚያውን እኛ እንችላለን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የድሬ ሞባይል ጠጋኝ